የተሰወረ ጽሑፍና የድረ ገጽ ደረጃ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቤተ መጻሕፍት በካርድ ማውጫ ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በመሳቢያው ውስጥ ያለው ካርድና በመደርደሪያው ላይ ያለው መጽሐፍ አንድ ቃል መናገር እንደሚገባቸው ማንኛውም የሙያው ሠራተኛ ያውቅ ነበር። ካርዱ «የከብት በሽታ» ብሎ መጽሐፉ ስለ ቡና ተክል የሚያስረዳ ሆኖ ቢገኝ፣ አንባቢው በከንቱ ደክሞ ይመለሳል፤ ካርዱን የጻፈውም ሠራተኛ ይወቀሳል። ስሕተቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ደግሞ አንባቢው ያንን አንድ ካርድ ብቻ ሳይሆን ማውጫውን በሙሉ መጠራጠር ይጀምራል።

ዛሬ የካርዱን መሳቢያ ቦታ በአብዛኛው የፍለጋ ሞተር ወስዶታል። ካርዱን የሚጽፈው ግን የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳይሆን፣ ገጹን ራሱ አንብቦ ራሱ የሚመዘግብ ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፦ አንድ ድረ ገጽ ለኮምፒዩተሩ የሚናገረውና ለአንባቢው የሚናገረው የተለያየ ቢሆን ምን ይከተላል? የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ሲሆን፣ በውስጡ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፍለጋ ሞተር አነባበብ

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያ አንድ ፕሮግራም ከገጽ ወደ ገጽ በሊንክ እየተሻገረ ይዘታቸውን ይሰበስባል። ቀጥሎ የተሰበሰበው ጽሑፍ ቃል በቃል ተተንትኖ በማውጫ ይመዘገባል። በመጨረሻም ጠያቂ ሲመጣ፣ ለጥያቄው የሚስማሙት ገጾች ከማውጫው ተለይተው በደረጃ ይሰለፋሉ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ረድፍ ያሉትን ጥቂት ገጾች ብቻ ተመልክቶ ስለሚመለስ፣ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚገኘው ቦታ ለነጋዴው ገበያ፣ ለጸሐፊው አንባቢ፣ ለመሥሪያ ቤቱም ባለጉዳይ ማለት ነው። ሰዎች ለዚህ ቦታ የሚሻሙትም ስለዚህ ነው።

ድረ ገጽ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በስክሪን ላይ የሚታየው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጀርባው ያለው ኮድ ነው። የቀድሞዎቹ የፍለጋ ሞተሮች ያነብቡ የነበረው ኮዱን ብቻ ነው። ፊደሉ በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም ቢጻፍ ሰው ምንም አያይም፤ ሞተሩ ግን ቀለሙን ሳይለይ ቃሉን ይቈጥራል። የተሰወረ ጽሑፍ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

የመሰወሪያው ዘዴ ብዙ ነው። የፊደሉን ቀለም ከመደቡ ቀለም ጋር አንድ ማድረግ፣ የፊደሉን መጠን ወደ ዜሮ ማውረድ፣ ጽሑፉን በሥዕል መሸፈን፣ በገጹ ቅርጽ ደንብ አማካይነት ከስክሪኑ ጠርዝ ውጪ ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ሊንክን በአንዲት ነጥብ ወይም ሰረዝ ላይ ደብቆ ማሠር ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ጎብኚው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለይቶ፣ ለሞተሩ አንድ ገጽ፣ ለሰው ሌላ ገጽ ማቅረብ ነው።

የቃል ቈጠራ ዘመን

በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ላይኮስ፣ ኤክሳይትና በታኅሣሥ 1995 ለሕዝብ እንደ ተከፈተው አልታቪስታ ያሉ የፍለጋ ሞተሮች ደረጃ ሲሰጡ ከፍ ያለ ግምት ይሰጡ የነበረው በገጹ ውስጥ ላሉት ቃላት ነበር። ከዚህም ሌላ በገጹ ራስጌ፣ ለአንባቢ በማይታይ ስፍራ፣ ባለቤቱ «ቁልፍ ቃላት» ብሎ የሚያስመዘግብበት መስመር ነበረ። የዚህ መስመር ዓላማ መልካም ነበር፤ ገጹ ስለ ምን እንደሚናገር ባለቤቱ ራሱ እንዲመሰክር የታሰበ ነውና። ነገር ግን ምስክሩን የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ስለ ሆነና አንባቢ ስለማያየው፣ መስክሮ የሚያፍር ሰው ጠፋ። ጫማ የሚሸጠው የታዋቂ ዘፋኝ ስም፣ መድኃኒት የሚሸጠው የተፎካካሪውን ስም መቶ ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ ጀመረ። ዘዴውም ለጊዜው ይሠራ ነበር፤ የተሰወረው ቃል ገጹን በእርግጥ ወደ ላይ ያወጣው ነበር። የካርዱና የመጽሐፉ ስምምነት የፈረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1998 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ ጉግል ስለ ተባለው አዲስ የፍለጋ ሞተራቸው ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ችግር አንሥተውታል። ለተጠቃሚው በቀጥታ የማይታይ ማንኛውም ጽሑፍ ሞተሮችን ለማታለል መሣሪያ እንደ ሆነና፣ በዚህም ምክንያት በስውር መግለጫ ቃላት መተማመን በአብዛኛው እንዳልተሳካ ገልጸዋል። እነርሱ ያቀረቡት መፍትሔ አንድ ገጽ ስለ ራሱ ከሚሰጠው ምስክርነት ይልቅ ሌሎች ገጾች ስለ እርሱ የሚሰጡትን መመዘን ነበር። ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክቱት ሊንኮች ብዛትና የአመልካቾቹ ክብደት ለገጹ ደረጃ ዋና መለኪያ ሆነ።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሶአል። በ1999 የዩናይትድ ስቴትስ 9ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ብሩክፊልድ የተባለ ድርጅት ዌስት ኮስት በተባለ የቪዲዮ ፊልም አከራይ ላይ ያቀረበውን ክስ ተመለከተ። የክሱ ምክንያት አከራዩ «ሙቪባፍ» የተባለውን የከሳሽ የንግድ ስም በድረ ገጹ አድራሻና በስውር ኮዱ ውስጥ ለመጠቀም መነሣቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ነገሩን በአውራ ጎዳና ላይ በሚተከል የማስታወቂያ ሰሌዳ መሰለው፤ የአንድ ነጋዴ ሱቅ በ8ኛው መውጫ ሳለ፣ ተፎካካሪው «ሱቁ በ7ኛው መውጫ ነው» የሚል ሰሌዳ ቢተክል፣ መንገደኛው በ7ኛው ይወጣል፤ የሚፈልገውንም ፈልጎ ባጣ ጊዜ እዚያው ከሚያገኘው ከተፎካካሪው ይገዛል። መንገደኛው ከማን እንደ ገዛ በመጨረሻ ቢያውቅም እንኳ፣ በሌላው ስም ተጠርቶ መምጣቱ ጉዳት ነው ሲል ፍርድ ቤቱ የስሙን አጠቃቀም አገደ። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሲጻፉ ግን የፊልም አፍቃሪ ማለት ስለሚሆኑ፣ በዚህ ተራ ትርጉማቸው መጠቀምን አልከለከለም።

ቁልፍ ቃላት የሚመዘገቡበት ያ ስውር መስመር መጨረሻው ምን ሆነ? ጉግል በመስከረም 2009 ለገጾች ደረጃ ሲሰጥ ይህን መስመር ከቶ እንደማይመለከት በይፋ አስታወቀ። ሐሰተኛ ምስክሮች ስለ በዙበት እውነተኞቹም ሳይሰሙ ቀሩ ማለት ነው።

ቅጣቱና ሁለት ምሳሌዎች

ሊንክ መለኪያ በሆነ ጊዜ አታላዮችም ከተሰወረ ቃል ወደ ተሰወረ ሊንክ ተሻገሩ። በ1995 የነበረው ሽሚያ በአዲስ መልክ ቀጠለ፤ በዚህም ስመ ጥር የሆኑ ድርጅቶች ሳይቀሩ ተገኝተውበታል።

በመጋቢት 2005 ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግለውን ነጻ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የዎርድፕሬስ ገጽ፣ ለአንባቢ በማይታዩ ሊንኮች ከ100,000 በላይ ወደሚሆኑ የማስታወቂያ ገቢ ማግኛ ጽሑፎች ያመለክት እንደ ነበር ተጋለጠ። ጽሑፎቹ ከሶፍትዌሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። ብዙ ሰዎች ወደ ዎርድፕሬስ በቅን ልቡና ሊንክ ስላደረጉ ገጹ ያገኘውን ክብር ለሌላ ሰው ገበያ ማዋል ነበር። ጽሑፎቹ ከፍለጋ ማውጫ ወጡ፤ ስውሮቹም ሊንኮች ተነሡ።

በየካቲት 2006 ደግሞ ጉግል የቢኤምደብልዩን የጀርመን ድረ ገጽ ከማውጫው አስወጣ። ምክንያቱም ለሞተሩ «ያገለገለ መኪና» የሚል ቃል የተደጋገመባቸው ገጾች ሲቀርቡለት፣ ሰው ግን እነዚያኑ ገጾች በከፈተ ቅጽበት ጽሑፉ ጥቂት ወደ ሆነ ሌላ ገጽ ይወሰድ ስለ ነበረ ነው። ድርጅቱ ገጾቹን ካነሣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማውጫው ተመልሶአል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቅጣቱ የድርጅቱን ትልቅነት እንደማይመለከት ነው። ታላቁ ድርጅት ግን የጥቂት ቀናት ጉዳት ቢደርስበትም ስሙ በሌላ መንገድ ይታወቃል፤ ታናሹ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ከማውጫ ቢወጣ ለብዙ ፈላጊዎች እንዳልነበረ ይቈጠራል።

ዛሬም የጉግል ደንብ የተሰወረ ጽሑፍንና የተሰወረ ሊንክን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ደንቡን የጣሰ ገጽ ደረጃው ይወርዳል ወይም ከነጭራሹ አይታይም። ቅጣቱ በኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በሰው መርማሪም ሊወሰን ይችላል፤ ባለቤቱ ጥፋቱን ካስወገደ በኋላ እንደገና እንዲታይለት ያመለክታል።

የተሰወረ ሁሉ ማታለያ አይደለም

ነገር ግን በቅጽበት ያልታየ ሁሉ በአንድ ዓይን መመዘን የለበትም። ከሥዕል ጀርባ በኮዱ ውስጥ የሚጻፈው መግለጫ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ ማየት ለተሳነው ሰው ግን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም የሚያሰማው ይህንኑ ነው። ሥዕሉን በእውነት የሚገልጽ እስከ ሆነ ድረስ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ሊሆን የሚገባው ነው። እንደዚሁም በተንቀሳቃሽ ስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ ርእሱን ሲነኩት የሚዘረጋ አንቀጽ የተሰወረው ለቦታ ቁጠባ እንጂ ለማታለል አይደለም።

የዚህ የሚዘረጋ አንቀጽ ክብደት በየጊዜው ተለዋውጦአል። በ2014 ጉግል ገጾችን እንደ ሰው ስክሪን አድርጎ ስሎ መመልከት መጀመሩን አስታወቀ። ሞተሩ የሚታየውንና የማይታየውን መለየት ስለ ቻለም፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ከድርጅቱ ባለሙያዎች አንዱ፣ ሳይጫኑት የማይታይ ጽሑፍ ዝቅ ያለ ግምት ሊሰጠው እንደሚችል ገለጸ። በኅዳር 2016 ግን ጉግል ከእንግዲህ የሚመዘግበው የገጾችን የስልክ ቅጂ እንደሚሆን ሲያሳውቅ፣ በስልክ ላይ ለአንባቢ ምቾት የታጠፈ ጽሑፍ ሙሉ ክብደት እንደሚያገኝ ተነገረ። ይህም ሽግግር መጠናቀቁ በጥቅምት 2023 ተገለጸ።

እዚህ ላይ በተግባር ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። የጉግል ፕሮግራም ገጹን ያያል እንጂ አይጫንም፤ አይጽፍምም። ስለዚህ የታጠፈው አንቀጽ ገጹ ሲከፈት በኮዱ ውስጥ አብሮ የመጣ ከሆነ ይመዘገባል። አንባቢው በተጫነ ጊዜ ብቻ ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ከሆነ ግን ለሞተሩ እንደሌለ ነው። መልካም ጽሑፍ ያዘጋጀ መሥሪያ ቤት ያለ አንዳች ጥፋት ራሱን የሚሰውረው በእንዲህ ያለ አሠራር ነው።

እንግዲህ መመዘኛው «ጽሑፉ ይታያል ወይስ አይታይም?» የሚለው አይደለም። መመዘኛው «አንባቢው ሊደርስበት ይችላልን? ቢደርስበትስ የፈለገውን ያገኛልን?» የሚለው ነው። የታጠፈውን አንቀጽ የሚዘረጋው አንባቢ ያገኘዋል፤ በነጭ ላይ በነጭ የተጻፈው ግን አንባቢ እንዳያገኘው ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው።

የአማርኛ ገጾች ጉዳይ

በአማርኛ ገጾች ዘንድ ችግሩ ለረጅም ጊዜ በተቃራኒው ነበር፤ ለሰው የሚታየው ጽሑፍ ለሞተሩ የተሰወረ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግእዝን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት የቁጥር ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ የፊደሉ ብዛት ከቦታው ስለሚበልጥም አንዳንዶቹ በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፍሉት ነበር። ፎንቱ ያለው ሰው አማርኛ ያነብባል፤ ሞተሩ ግን የሚያነብበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው። በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ የተጻፈና ወደ ዩኒኮድ ያልተመለሰ ጽሑፍ በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም። ዛሬም ማስታወቂያን በፎቶግራፍ፣ መመሪያን በስካነር ተነሥቶ ቃሉ ባልተለየ ሰነድ ብቻ ማውጣት ያንኑ ጉዳት ይደግማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊደል ምርጫ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። በእነዚህ ፊደላት ብቻ «ፀሐይ» የሚለው ቃል በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ለሰው ሁሉም አንድ ፀሐይ ነው፤ በኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ሞተሩ እንዲያስታርቃቸው ካልተደረገ በቀር 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚህም ምክንያት አንድ ቅን ባለሙያ ፈላጊው እንዳይቸገር በማሰብ፣ የቃሉን አጻጻፍ ሁሉ በገጹ ግርጌ በነጭ ቀለም ደርድሮ ለመደበቅ ሊፈተን ይችላል። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ዘዴው ግን አታላዩ የተጠቀመበት ያው ዘዴ ነው። ሞተሩም የሚያየው ዘዴውን እንጂ የልብ ሐሳብን አይደለም።

ለዚህ መፍትሔው በሙያው ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። የካርድ ማውጫ ሠራተኛ «ጸሐይ — ፀሐይን ተመልከት» የሚል ካርድ ይጽፍ የነበረው በግልጽ ነው፤ መዝገበ ቃላትም የቃሉን ሌላ አጻጻፍ ከዋናው አጠገብ ያሰፍራል። በድረ ገጽም «በሌላ አጻጻፍ» የሚል አንድ የሚታይ መስመር ለተለመዱት ሁለት ሦስት አጻጻፎች መስጠት ይቻላል። አንባቢው ይማርበታል፤ ሞተሩም ይመዘግበዋል፤ የሚደበቅም ነገር አይኖርም።

ባለቤቱ የማያውቀው ስውር ጽሑፍ

ሌላው አደጋ በሌላ እጅ የሚገባው ነው። በሊንክ ሚዛን ከፍ ያለ ክብደት ያላቸው እንደ ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉ ገጾች ስለ ሆኑ፣ ሰርጎ ገቦች በአሮጌና ባልታደሰ ሶፍትዌር ቀዳዳ ገብተው የመድኃኒት ወይም የቁማር ንግድ ሊንኮችን ይሰውሩባቸዋል። ባለቤቱ ገጹን ከፍቶ ሲያይ ሁሉም ደኅና ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የገባው ጽሑፍ ለፍለጋው ፕሮግራም ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ይሠራልና። መሥሪያ ቤቱ ያልሠራውን ጥፋት የሚያውቀው ደረጃው ከወረደ ወይም ስሙ ከማይገባ ነገር ጋር አብሮ ከታየ በኋላ ይሆናል።

መከላከያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማደስ። ሁለተኛ፣ በፍለጋ ሞተሩ ውስጥ የራስን ድረ ገጽ ብቻ ለይቶ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጋር የማይገናኙ ቃላትን መፈለግ። ሦስተኛ፣ ሰርች ኮንሶል የተባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ የጉግል አገልግሎት በመጠቀም፣ ፕሮግራሙ ገጹን በምን መልክ እንዳየው መመልከትና ሰው ከሚያየው ጋር ማመሳከር ነው።

መደምደሚያ

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሰው ገጾችን አንብቦ መልስ የሚያዘጋጅለትን የቋንቋ ኮምፒዩተር መጠየቅ ጀምሮአል። በታኅሣሥ 2024 ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ባደረገው ሙከራ፣ በገጽ ውስጥ የተሰወረ ጽሑፍ ቻትጂፒቲ ስለ አንድ ዕቃ የሚሰጠውን አስተያየት ወደ ምስጋና ሊያዞረው እንደሚችል አሳይቶአል። በሐምሌ 2025 ደግሞ ኒኬይ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ፣ ከ8 አገሮች በመጡና ከ14 ተቋማት ጋር ግንኙነት ባላቸው 17 የጥናት ጽሑፎች ውስጥ፣ ገምጋሚው ኮምፒዩተር በጎ ነገር ብቻ እንዲናገር የሚያዝ ስውር ቃል መገኘቱን ዘግቦአል። ቃሉ የተሰወረው በነጭ ቀለምና እጅግ በደቀቀ ፊደል ነበር። በ1990ዎቹ የጫማ ነጋዴው የተጠቀመበት ዘዴ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በምሁራን ሥራ ውስጥ ተገኘ።

የታሪኩ አካሄድ በየጊዜው አንድ ነው። ስውሩ ጽሑፍ ለጥቂት ጊዜ ይጠቅማል፤ ሞተሩ ይነቃል፤ አጥፊው ይቀጣል፤ በመጨረሻም ያ መንገድ ለቅኖችም ጭምር ይዘጋል። የቁልፍ ቃላቱ መስመር እንዲህ ሆኖ ጠፍቶአል። ስለዚህ የተሰወረ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ተፎካካሪውን አይደለም፤ የሚጎዳው በማውጫ መታመንን ነው። እርሱ ደግሞ የመረጃ ሙያ የቆመበት መሠረት ነው።

ከዚህ የተነሣ ገጽ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ማንኛውንም ጽሑፍ ከማስቀመጡ በፊት አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ይህ ጽሑፍ አንባቢው ፊት በጥቁር ቀለም ቢወጣ የሚያሳፍር ነገር አለበትን? ከሌለበት ይውጣ፤ ካለበትም ይሰረዝ። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ስለ መጽሐፉ እውነቱን ይናገር እንደ ነበረ ሁሉ፣ ገጹም ለሰውና ለሞተር አንድ ቃል ይናገር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።